ኧረ የሣር ክዳን ያለህ!

እናንተ ከዚህ ዘመን ጋር ሳትስማሙ የምትኖሩ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ ጆሯችሁ የሸፈተ፣ ልጆቻችሁ «አባባ፣ ይሄን አይንኩት» የሚሏችሁ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራው ስለ ቤት ነው። ስለ ቤት ማውራት የሚገባው ደግሞ ቤት ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። የዛሬ ልጅ ሐኪም ቤት ይወለዳል፣ ባጃጅ ላይ ያድጋል፣ የሰው ቤት ተከራይቶ ያረጃል፤ ቤትን ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? እኔ የተወለድሁት ላይ ጋይንት ውስጥ፣ በሣር ክዳን ሥር፣ ከምድጃው አጠገብ ነው። በዚያችው ሌሊት ላማችንም ወልዳ ኖሮ፣ ከእኔና ከጥጃዋ ማን ቀድሞ እንደ ጮኸ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ ከአክስቴ ጋር ስትከራከር ኖረች።

ያ ቤት ቤት ነበር። ዛሬ ነፋስ መውጫ ብትወጡ፣ ታች ጋይንት ዐርብ ገበያ ብትወርዱ፣ ስማዳ ወገዳ ብትዘልቁ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ብትደርሱ የምታዩት አንድ ነው፤ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ የብረት በር፣ ብረት በሩ ላይ የተበየደ አንበሳ። እኛ አገር ጅብ እንጂ አንበሳ ማን አይቶ ያውቃል? ጅቡን ግን የሚበይደው የለም። ያፍራሉ።

ድሮ ቤት ሲሠራ መሐንዲሱ አንድ ካስማና አንድ ገመድ ነበር። ሽማግሌው ካስማውን ይተክላል፣ ገመዱን ይዞ ይዞራል፣ ክቡ ይሠመራል፤ ፕላኑ አለቀ። ማኅተም የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ። ካስማውም ቢሆን የትም አይተከልም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የክረምቱ ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ፣ የጠዋት ፀሐይ ደጁን በየት በኩል እንደምታገኘው ታይቶ፣ ተመክሮበት ነው። ቋሚው ከወይራና ከጽድ ይቆረጣል፤ ማገሩ ከቀጫጭኑ እንጨት፣ ማሰሪያው ልጥ፣ ግድግዳው ጭድ ተደባልቆበት ሰንብቶ የተረገጠ ጭቃ ነው። ክዳኑ ሰንበሌጥ ነው፤ ወደ ጉና ጠጋ ላለው ደግሞ ጓሳ። መካከል ላይ ምሰሶው ይገተራል። ምስማር የሚባል ነገር አልገባበትም። ከዚያ ቤት ውስጥ ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ርቆ የመጣ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው ጨው ብቻ ነው። ቤቱ ሲያረጅም እንጨቱ ለምድጃ፣ ጭቃው ለጓሮ ይሆናል እንጂ እንደ ዛሬው ፍርስራሹን የት እንድፋው ተብሎ ሰው አይጣላም።

ሥራው በደቦ ነው። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይማግራል፤ ሴቶቹ ጠላውንና ዳቦውን ያቀርባሉ። ብር አይነሣም። ዛሬ ለእኔ የረገጠውን ነገ እኔ እረግጥለታለሁ። ከደቦ የቀረ ሰው ልጁ ሲዳር ሳይቀር ይነሣበታል፤ እኔ ማን ማን እንደቀረ ዛሬም በስም አውቃለሁ። የዛሬ ሰው ዋናው በሽታው ጥድፊያ ነው። ሁሉን ነገር ቶሎ፣ ሁሉን ነገር አሁን! በእኛ ጊዜ ቤት ረጋ ተብሎ ነበር የሚሠራው፤ ጠዋት ይቆማል፣ ማታ ተከድኖ ሰው ያድርበታል።

ጭሱስ? ትሉኛላችሁ። ጭሱ ምን አደረገ? ጭስ እንጨቱን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ሣሩን ከሥር ያደርቃል፣ ጥቀርሻውም ክዳኑን ያጠነክራል። እኔ በዚያ ጭስ አድጌ ምን ሆንሁ? ይኸ ሌሊት ሌሊት የሚያንቀኝ ሳል የመጣው አስፋልት ከገባ ወዲህ ነው። ቁንጫም ነበር፤ አልዋሽም። ግን የዚያ ዘመን ቁንጫ ጨዋ ነው፤ እንግዳ አይነካም። ዝናብ ያስገባል የሚሉት ግን ሐሰት ነው። ሣር ቤት ዝናብ አያስገባም። የሚያንጠባጥብበትንም ቦታ ስለምናውቀው እንሥራውንና ቅሉን ቀድመን ደርድረን በሰላም እንተኛ ነበር።

«ሣር ቤት ይቃጠላል» የሚሉም አሉ። ይቃጠላል እንጂ! ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ በእኛው አገር፣ በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት። ከተማ ሙሉ ተቃጠለ። ከዚያስ? ሰዉ ሣር አጨደ፣ ጭቃ አቦካ፣ ሠራ። የዛሬው ቤት ቢቃጠል ባንክ ነው አብሮ የሚቃጠለው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን የሚባል መጣ። አንዲት የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ደብተሯን ይዛ ገባችና «አባባ፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለበትም» አለችኝ። «ልጄ» አልኋት፣ «ይቺ ላም በዚህ ቤት ከባለቤቴ ቀድማ የገባች ናት።» አልሰማችኝም። እናንተ ቆላ የምትኖሩት አይገባችሁም፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የምትዘልቅ ተራራ ናት፣ ከሥሯ ያደረ ሰው በኅዳር ሌሊት ጥርሱን ይቆጥራል። ሁለት በሬና አንዲት ላም ጋጣ ውስጥ ሲተነፍሱ የሚወጣው ሙቀት እንጨት አይፈጅም፣ ቆጣሪ አይቆጥርበትም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ተቀምጠው «ኃይል ቆጣቢ ቤት» የሚሉት እኛ በጅራቱ ይዘን ስናስገባው የኖርነውን ነው። ለማንኛውም ከብቶቹ ወጡ። ሽንት ቤትም አስቆፈረችኝ። ያን ጊዜ በጣም ተቆጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬም አልወደድሁላትም። እንግዳ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው፤ በቀበሌው ክዳን ያለው የመጀመሪያው የእኔ ነበር።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቻይናዎቹ በደርግ ጊዜ ከወረታ ወልድያ የዘረጉት መንገድ በደጃችን ሲያልፍ ደስ ብሎን እልል ያልነው እኛው ነን፤ በዚያ መንገድ ምን ተጭኖ እንደሚመጣ ማን አወቀ? ቆርቆሮ ቀን ያነዳል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፣ ጎሕ ሲቀድ ላቡን ፊት ላይ ያንጠባጥባል። በረዶ የጣለ ዕለትማ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ኑግ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ውስጥ የገባ ያህል ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው አትሰሙም፣ ጸሎት አይደመጥም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የማታው ዜና በቴሌቪዥን እየተነበበ አንድ ቃል ሳይሰማ ያልፋል። በሣር ቤት ይኸ ችግር አልነበረም፤ ዝናቡም ዝም ብሎ ይዘንባል፣ ቴሌቪዥንም የለም። ቆርቆሮ ጥቅም አለው የሚለኝ ሰው ካለ እኔ አልሰማም። እውነት ነው፣ ከጣሪያዬ የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ወደ በርሜል አስገባዋለሁ፣ ባለቤቴም ክረምት ክረምት ገደል ወርዳ መቅዳቱን ከተወች ቆየች። ይኸ ግን የዝናቡ ውለታ ነው እንጂ የቆርቆሮው አይደለም።

ልጄ ይኸን ሁሉ ሲሰማ «ታዲያ ለምን ሣር አይከድኑም?» ይለኛል። በምን ልክደን? ሣሩ የት አለና! በ1989 ዓ.ም የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ በክልላችን ስንቱ ይዞታ እንደ ተቆራረሰ ታስታውሳላችሁ። ሰው በዛ፣ ድርሻው ጠበበ፤ ሰንበሌጥ የነበረበት ጤፍ፣ ግጦሽ የነበረበት ገብስ ሆነ። ጉና ላይ ጓሳው እየተጋጠ፣ ማረሻው እየተከተለ ወጣ፤ ድንችና ገብስ ተራራዋን ሽቅብ እየወጡባት ነው። ከእሷ ርብና ጉማራ ተነሥተው ወደ ጣና እንደሚወርዱ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ተራራዋ ስትራቆት ውሃው ብቻውን አይወርድም፣ አፈሩን ይዞ ነው። እና አንድ ጎጆ ለመክደን አሁን ሣር በሸክም እየተገዛ፣ ዋጋው ከቆርቆሮ ጋር ሲወዳደር እየበለጠ፣ ድሃው ራሱ ቆርቆሮውን መረጠ። ድሃ ቆርቆሮ ከገዛ አገር ምን ቀራት?

እንጨቱስ? አገር በቀሉ ዛፍ ዛሬ ተጠግቶ የሚኖረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ቀሪው ሁሉ በየደብሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ከሩቅ ስታዩት እርሻው መካከል አረንጓዴ ክብ ነገር ካያችሁ ከውስጡ ጉልላት አለ ማለት ነው። «እመጓ»ን የጻፈው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህኑ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ ነው ዶክተር የተባለው፤ ከብት እንዳይገባባቸውም በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ ያስካበው እሱና አጋሮቹ ናቸው። ጎሽ ልጄ ብያለሁ። ዛፍ ቆጥሮ ዶክተር መሆን እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ ግን እኔም በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ያልቆጠርሁት ዛፍ አልነበረም።

በአገሩ ዛፍ ፈንታ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ማን ያቁመው። በጥቂት ዓመት አጣና ይሆናል፣ ቆርጣችሁት ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለቤት ሠሪ፣ ለስካፎልዲንግ፣ ለማገዶ፣ ለሁሉም እሱ ነው። ነገር ግን ከአጠገቡ እህል አያበቅልም፣ ምንጭ አጠገብ ከተተከለ ደግሞ ውሃውን ይጠጣዋል። ይኸን ዛፍ ያበዙት ገንዘብ ያሰከራቸው ሰዎች ናቸው። የእኔ እንኳ ከምንጩ በላይ ያለችው ትንሽ ናት፣ እሷም ለልጆች ትምህርት ተብላ የተተከለች፤ ባለፈው ስሸጣት ነጋዴው ከሦስት አይሱዙ በላይ አልጫነም። ምንጩ ደግሞ ዘንድሮ ደረቀ። የማን ጥፋት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሁን ወደ ዋናው ጠላቴ ልምጣ። ሲሚንቶ። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሮ መጣና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚያወጣው የካርቦን ጭስ ከመቶ 8 የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ የሚወጣ ነው አለኝ። እንጨት ስለሚነድበት ነው? አልሁት። አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሆዱ ውስጥ የነበረውን ጋዝ ይተፋዋል፣ ለማቃጠያ የሚነደው ደግሞ በላዩ ላይ ነው አለኝ። እንግዲህ ፍረዱ! እኔን ለአንዲት ምድጃ ጭስ ስንት ሰው ሲመክረኝ፣ ስንት ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲታደለኝ፣ ዓለምን ያጨሰው ሌላ ኖሯል።

ይኸ ዱቄት ደግሞ ከሙገር ወይ ከደርባ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ባሕር ዳርን አልፎ፣ በወረታ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርን ተሻግሮ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። መኪናው የሚያቃጥለውን ናፍጣ አስቡት። አሸዋው ከወንዝ ይዛቃል፤ ወንዙ ዳርቻው ሲናድ የእነ እገሌ መስክ አብሮ ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ሲሚንቶ ጠፋ ተብሎ ኩንታሉ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ሲሸጥ አይተናል። ግማሽ ግድግዳ ላይ የቆመ ቤት ያን ጊዜ በየመንደሩ ነበር፤ ፌሮው ወደ ሰማይ ተገትሮ፣ ባለቤቱ ከሥሩ ቆሞ። ጭቃ ጠፋ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጦርነቱንም አላነሣም፤ በ2013 ዓ.ም ክረምት ነፋስ መውጫ ያየችውን ያየ ሰው ስለ ጣሪያና ግድግዳ አያማርርም ትሉኝ ይሆናል። ባላማርር ግን ያን ሁሉ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ አማርራለሁ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? በ2003 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ተቋም ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠራ። ከምን? ከአፈር! ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር፣ ፎቁንና ጣሪያውን የተሸከመው ከስስ የአፈር ጡብ የተቀለሰ ቅስት። እንጨትና ብረት ብርቅ በሆነበት አገር በእጅ የሚገኘው አፈር ነው ብለው ነው። ልክ ናቸው፤ ምን ይወጣላቸዋል! ነገር ግን አፈር ቤት እንደሚሆን ለመስማት ፕሮፌሰር በአውሮፕላን መምጣት ነበረበት? እናቴ በእበት የለቀለቀችው ግድግዳ ስንት ክረምት ሲያልፍ ፎቶ ያነሣው ሰው የለም። የፎገራዋ አውራምባም አለች፤ የእኛው የእስቴ ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም የመሠረታት። እዚያ መደቡም መደርደሪያውም ከጭቃ ነው፣ ምድጃው እንጨት ቆጥቦ ጭሱን ወደ ውጭ ይልካል። የውጭ ሰው ሳይቀር እየመጣ ያያታል። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል የሚሉትን ነገር ግን እኔ አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ፤ ባለቤቴ ብቻ ናት ደጋግማ የምታነሣው።

ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለው። ኮንዶሚኒየም ማለት፣ ላላያችሁት፣ ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ቤት ነው። 20/80 ይሉታል፣ 40/60 ይሉታል፤ ቤት በሲሶና በእርቦ ሲቆጠር ያየሁት ያኔ ነው። በ2005 ዓ.ም ምዝገባ ሲከፈት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ፤ ስንቱ ዕጣ ሲጠብቅ ሸበተ፣ ስንቱ ሲጠብቅ ሞተ። የልጄ ዕጣ የወጣለት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ለፋሲካ ከጋይንት ሙክት ይዤ ሄድሁ፤ ሙክቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አልሄድም ብሎ ተኛ፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ፣ ሁለታችንም ተስማማን። ለዕርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለድግስ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት ግቢው ውስጥ አለ ብለውኝ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፣ የሠራው ሰው አበሻ ነው ብዬ መረቅሁት። ስንደርስ ግን ተከራይቶ የሴቶች ፀጉር ቤት ሆኗል። በጉን የት እንዳረድነው አልናገርም፤ ባኞ ቤት መሆኑን የሚያውቁ ያውቃሉ።

እዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። በር ዘግቶ፣ በበሩ ቀዳዳ ሰው እያየ ይኖራል። አንድ ከላይ የሚኖር ጎረምሳ ደግሞ አለ፣ በየጠዋቱ እያንኳኳ «አባባ እንዴት አደሩ፣ ቡና ደርሷል» ይለኛል። ሰው በገዛ ልጁ ቤት አርፎ አይተኛም እንዴ?

በ2016 ዓ.ም ደግሞ የኮሪደር ልማት ተብሎ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። ጭቃ ቤቶቹ ያረጁ፣ ጣሪያቸው የዛገ፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ ነበር፤ ይኸን አልክድም፣ አዲሱ ቤት ውሃም መብራትም አለው። የቀረው ግን እድሩ ነው። ድንኳኑ የት ይቀመጥ፣ ለቀስተኛው ከየትኛው ዳር ይምጣ? ሥራ ቦታ ከልጄ ጋር አብሮ የሚውል አንድ ሰው፣ የአባቱ እድር በሦስት አቅጣጫ ተበትኖ አባቱን ለመቅበር ሰው በስልክ ሲለቃቅም ዋለ። ለካስ ቤት ማለት ለቀስተኛም ጭምር ነው። ይኸን ፕላን ላይ የሚያሰፍር መሐንዲስ ገና አልተወለደም።

የእኛም ከተሞች እየሰፉ ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ የከተማ ቦታ በሊዝ ነው፣ በጨረታ ነው። ጨረታ ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ አታጡትም። ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በማን ላይ ነው? በገበሬው ማሳ ላይ ነው። ካሳ ይሰጠዋል፤ ብር በአንድ ጊዜ አይቶ የማያውቅ ሰው በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጠዋል፣ ለዘመድ ያበድራል፣ ሰርግ ይደግሳል፣ ያልቃል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በገዛ አባቱ ማሳ ላይ የቆመ ፎቅ ዘበኛ ሆኖ ካፖርት ለብሶ የሚያድር ሰው አውቃለሁ። ገብሱ የሚታጨድበትን ቦታ ያሳየኛል፤ «ያቺ በረንዳዋ ያለችበት ላይ ምርቱ ይበልጥ ነበር» ይለኛል። እሱ ፊት ስለ ሲሚንቶ ማማረር አፍሬ ዝም አልሁ፤ ለአንድ ቀን።

በሊዝ ያልቻለው ደግሞ የጨረቃ ቤት ያቆማል። ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ሰው ገብቶበት፣ ልጅ አልቅሶበት፣ ቡና ተፈልቶበት ይገኛል። ሕገ ወጥ ነው፣ እቃወመዋለሁ። የጎርፍ መሄጃ ላይ ይሠሩታል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የድሮ መንገዱን አይረሳምና ይዟቸው ይወርዳል። ከላይ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ውሃውን ወደ ታች ይለቀዋል፣ ቦይ የሚቆፍር የለም፤ ትናንት በእግር ትሻገሩት የነበረው ስንጥቅ ዛሬ ገደል ሆኗል። የእህቴ ልጅም አንዲት ክፍል አቁሟል። እሱ ግን ሌሊት የሠራት ቀን ቀን ሥራ ስላለበት ነው።

መንግሥት፣ ማኅበር፣ ባንክ፣ የውጭ ድርጅት፣ ሁሉም ስለ ቤት ያወራል። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ የምናገረው አጭር ነው፤ ጭቃውን አትናቁት፣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ስጡት፣ ክዳኑን ረዘም አድርጉና ከዝናብ ጠብቁት፣ ጭሱን በጭስ ማውጫ አውጡት፣ ቦዩን ከቤቱ ቀድማችሁ ቆፍሩ፣ ሰውን ከእድሩ ጋር አዛውሩ። ጎንደር ላይ የፋሲል ግንብ በኖራ ተገንብቶ ይኸን ያህል ዘመን ሲቆም ኩንታል ሲሚንቶ አልጠየቀም። አሁን ይኸን ለማለት ዲግሪ ያስፈልጋል?

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እኛም ቤት ልንሠራ ነው። እኔ አልፈለግሁም፤ አሳቡ የባለቤቴና የልጆቹ ነው፣ ጎረቤታችን ጂ ፕላስ ዋን ማቆሙም ጥቂት ነገሩን አፋጥኖታል። ጭቃ ብንሠራ ብዬ ነበር፤ ጭቃ የሚረግጥ ሰው የቀን አበሉ ስንት እንደ ደረሰ ስሰማ ተውሁት፣ ደቦ ብጠራም ማን ይመጣል፣ እኔም ለማንም ከሄድሁ ቆይቻለሁ፣ ወገቤን ያመኛል። ሰኞ ሠራተኛ ይገባል። ስለዚህ ነፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ሲሚንቶ በደህና ዋጋ የሚሸጥበትን የምታውቁ፣ ቶሎ ላኩብኝ፣ ከሰኞ በፊት። ቆርቆሮው 28 ጌጅ ይሁን፤ 35 የሚሉትን ስስ ነገር አልቀበልም።